የመድረኩ ሰዓትና የመንገዱ ሌሊት

 

ከኢፍጣር በኋላ ቡናው ሲቀርብ በብዙ ቤት መንዙማ ይከፈታል። ልጆቹ አዝማቹን ይቀበላሉ፤ እናት ሶለዋት ታወርዳለች፤ አባት ለተራዊሕ ሊነሳ እያለ «ይህቺን ብቻ» ብሎ ይቀመጣል። መንዙማውን ያወጣው ሰው ግን የት እንዳፈጠረ፣ ሱሑር ምን እንደቀመሰ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደዋሉ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሰው ፊት ቆሞ ማዜም ሥራው የሆነ ሰው ሲሠራ የምናየው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው። መናኸሪያ ላይ መኪና ይጠብቃል፤ ዕቃ ይጭናል፣ ያወርዳል፤ ወንበር ላይ አንገቱን አዘንብሎ ያሸልባል፤ በማያውቀው ከተማ አልጋ ይፈልጋል፤ የልጁን ድምፅ በስልክ ሰምቶ ይዘጋል፤ ሲነጋ ደግሞ ይነሳል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ጊዜ ነው። በሁለት መድረክ መካከል ያለው ሰው በሸሪዓችን ስም ወጥቶለታል፤ ሙሳፊር ይባላል። ሙሳፊር ከአላህ የተሰጠው ቅለት አለው፤ በእኛም ላይ ሐቅ አለው። ይህን ሐቅ የገዛ ቤተሰቡ ካላወቀለት፣ ከመንገዱ ድካም ይልቅ የቤቱ ይብስበታል።

ጎጃምና መንገደኛው

እኛ የደብረ ወርቅ ሰዎች የምንኖረው መንገድ ዳር ነው። ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ በእኛ በኩል ያልፋል። ስለዚህ መንገደኛ ማየት አዲሳችን አይደለም።

በዚህ አገር የድምፅ ሰው ሲነሳ መጀመሪያ የሚታወሰው አዝማሪ ነው። መሰንቆውን በትከሻው አንግቶ ከሰርግ ሰርግ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይዞራል። ገበያው ከጥር ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ይሞቃል፤ ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ይቆማል፣ መሰንቆውም ይሰቀላል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው በመዋላቸው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሰርጉን ወደ ኋላ ገፋ። በዚያ ወቅት በመንገድ ላይ ለነበረ ሙስሊም አንድ ነገር ቀሎለት ነበር። ሥጋው የማን ነው ብሎ ሳይጨነቅ ፀሐይ ስትጠልቅ የትም ገብቶ በሽሮና በምስር ማፍጠር ይችል ነበር።

የጎጃም ሙስሊምም ድሮ የመንገድ ሰው ነው። ከሸማኔነቱ ጋር ንግድ መተዳደሪያው ስለነበር፣ በአገሩ «ነጋዴ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሙስሊሙ ማለት ነበር። ከደብረ ማርቆስ በታች የጁቤ ላይ የነበረው የባሶ ገበያ ከአባይ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነበር። የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ሲቆም የጎጃም ቤት ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ያሳድረዋል። አብሮ የማይበላ ሥጋ ካለ ወተቱና ቆሎው ይቀርባል። ይህ ልማድ ለመንገደኛ የዋለው ውለታ ቀላል አይደለም።

መንዙማም የተስፋፋው በእግር ነው። ለቂርዓት ወደ ወሎ የሚሻገር ደረሳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኪታቡን ከሸኹ እግር ሥር ይማራል፣ መንዙማውን ደግሞ በመንገድና በሐድራ ይይዘዋል። መንዙማ በመድረስ ከሚታወቁት የወሎ ዓሊሞች አንዱ ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በተገደደበት ዘመን ተቃውሞውን ከመሩት መካከል ነበሩ። መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ቋንቋ ጽፈዋል፤ ይህን አጻጻፍ ዐጀሚ እንለዋለን። ካሴትም ሬዲዮም በሌለበት በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ዜማ ከመንደር መንደር ያደረሰው የደረሳው አፍና የደረሳው እግር ነው።

በነቢዩ ጉዞ ላይ ያዜም የነበረው ሰው

አንዳንዱ «የሚያዜም ሰውና ዲን ምን አገናኛቸው?» ይላል። እስቲ ወደ ሐዲሱ እንመለስ። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዞ ዝም ያለ ጉዞ አልነበረም። ዐረቦች ግመል ሲነዱ የሚያዜሙት ሑዳእ የሚባል ዜማ አላቸው፤ ግመሉ ዜማውን ሲሰማ እርምጃውን ያፈጥናል። ወደ ኸይበር ሲኬድ ዓሚር ኢብኑል አክወዕ የተባለው ሰሓባ ለመንገደኛው አዚሟል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ማን መሆኑን ጠይቀው ዱዓ አድርገውለታል።

ሌላው አንጀሻ ነው። በጉዞ ላይ ሴቶቹ የተቀመጡባቸውን ግመሎች ይነዳ ነበር፤ ድምፁ ያማረ ነበር። ሐበሻ እንደነበር የጻፉ ሊቃውንት አሉ። እሱ ሲያዜም ግመሎቹ ፈጠኑ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ቀስ እንዲል አዘዙት፤ ሴቶቹንም በቀላሉ ከሚሰበር ብርጭቆ ጋር አመሳሰሏቸው። ሊቃውንት ስለዚህ ሐዲስ ብዙ ጽፈዋል። እኔ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። አንጀሻ በዜማው አልተወቀሰም፤ ዜማው ከኋላው ያሉትን እንዳይጎዳ ግን ተነገረው። ድምፁ ሲያምርና ሕዝብ ሲከተለው የሚፈጥን ሰው፣ ከኋላው ማን እንደተቀመጠ ዞር ብሎ ማየት አለበት። ሚስቱ ናት፤ ልጆቹ ናቸው።

ከድሬዳዋ እስከ ዋሽንግተን

የመንገድ ድምፅ ሁሉ መንዙማ አይደለም። ከእኛው ቤት ወጥተው በዘፈን የታወቁ አሉ። ድሬዳዋ ላይ በ1947 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው አሊ ሙሐመድ ሙሳ በልጅነቱ መድረሳ ገብቶ ዐረብኛ ተምሯል። አሊ ቢራ የተባለው በመጀመሪያ ከዘፈናቸው ዘፈኖች በአንዱ ስም ነው። ልጅ ሳለ የገባበት የአፍረን ቀሎ ቡድን በመንግሥት ሲታገድ አባላቱ ተበታተኑ፤ እሱም አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፈነ። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ አዜመ። ብዙ ዓመት በውጭ አገር ኖረ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሞት የተቀበረው በዚያችው በተወለደባት ድሬዳዋ ነው። በብዙ አገር የዞረ ሰው ጀናዛው የተሸኘው ከተነሳበት ከተማ ነው። መንገደኛ ሁሉ የሚመለስበት ደጅ ያስፈልገዋል።

በ1941 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የተወለደው ማሕሙድ አሕመድም በልጅነቱ ጫማ እየጠረገ አድጎ የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ለመሆን በቅቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ለስደተኛው ኢትዮጵያዊ ዘፍኗል። ከባንዱ አባላት አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። መድረኩ ሲጠፋ በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን አልጣለም፤ በመኪናው የዕቃ መጫኛ ያኖረውና በአየር ማረፊያው ተራ እስኪደርሰው ድረስ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የቀድሞ ሥራው እንደገና ታትሞ ወጣ፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ።

እነዚህን ሰዎች ያነሳሁት ዘፈን ለማስፋፋት አይደለም። ጭብጨባው የሰዓት መሆኑን፣ ጥበቃው ግን የዓመታት መሆኑን እንድታዩ ነው። ከእነሱ ስም ጀርባ ደግሞ ስማቸው የማይጠራ ብዙዎች አሉ። ድቤ መቺው፣ ተቀባዩ፣ ድምፅ ማጉያ ተሸካሚው፣ ሌሊት የሚነዳው ሾፌር ሁሉም ሙሳፊር ናቸው።

የአንዲት እናት ሁለት ጥያቄ

በአንድ የሻዕባን ወር ከዐሥር ሶላት በኋላ አንዲት እናት መጡና ከመስጊዱ በር ላይ ጠበቁኝ። «ሸኼ፣ ልጄ ኪቦርድ ይመታል» አሉኝ። «ከባንድ ጋር ከከተማ ከተማ ነው። ረመዳን ሲገባ ሩቅ አገር ናቸው። ጾሙ ይያዝለታል ወይ? ሲመለስስ፣ ወንድሞቹ ከእሱ ጋር አናፈጥርም ይላሉ፤ ምን ልበላቸው?»

«እናቴ፣ ሁለት ነገር ነው የጠየቁኝ» አልኳቸው። «አንዱ የፊቅህ ነው፣ አንዱ የአንጀት።» ለሁለቱም የሰጠሁት መልስ ለብዙ ቤት ይሆናል ብዬ ስለማስብ እዚህ ዘርዝሬ ላስቀምጠው።

ጾሙና ሶላቱ

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ የታመመ ወይም በጉዞ ላይ ያለ ሰው የፈታውን ቀን ቆጥሮ በሌላ ጊዜ እንዲጾም ፈቅዷል። ሐምዛ ኢብን ዐምር የተባለው ሰሓባ በጉዞ ላይ ስለመጾም ሲጠይቅ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምርጫውን ለራሱ ሰጥተውታል። አነስ እንደሚነግረንም ሰሓቦች አብረው ሲጓዙ የጾመው ያልጾመውን፣ ያልጾመውም የጾመውን አይነቅፍም ነበር። በሌላ ጉዞ ደግሞ አንድ ሰው ጾሙ አድክሞት ሰዎች ከበው ጥላ ሲያደርጉለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው፣ ራስን እስከዚህ እየጎዱ በጉዞ መጾም ከበጎ ሥራ እንደማይቆጠር ተናግረዋል። ስለዚህ የቻለ ይጾማል፣ የከበደው ይፈታል።

ይህ ለእኛ አገር መንገደኛ ተጨባጭ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣ ሰው ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ ለብሶ ይነሳል። እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአባይ ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ ጉሮሮ ያደርቃል። በዚያ ቀን ምሽት ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ በድምፁ ሊሠራ ነው። ቢፈታ ሰበቡን አትመርምሩበት። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ቤቱ ጾም ይዞ ካነጋ በኋላ የሚነሳ ሰው ያን ቀን እንዲጨርሰው አብዛኞቹ ፉቀሃዎች ይመክራሉ። የሐንበሊ ሊቃውንት ከከተማው ከወጣ መፍታት ይችላል ይላሉ።

ሶላቱም ቀሎለታል። ጉዞው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ አራት ረከዓ የሆኑትን ዙህርን፣ ዐሥርንና ዒሻን ሁለት ሁለት አድርጎ ይሰግዳል። ፈጅርና መግሪብ እንዳሉ ናቸው። በሻፊዒይ መዝሀብ ዙህርን ከዐሥር፣ መግሪብን ከዒሻ ማጣመር ይፈቀዳል፤ ሐነፊዎች ይህን የሚቀበሉት በሐጅ ጊዜ ብቻ ነው። በአንድ ከተማ ለሚከርም ሰው ደግሞ ቀኑን መቁጠር ግድ ነው። ሻፊዒዮች የገባበትንና የሚወጣበትን ሳይቆጥሩ አራት ቀን ለመቀመጥ ካሰበ እንደ ነዋሪ ያዩታል። ሐነፊዎች እስከ 15 ቀን ይታገሡታል። ደሴ ላይ ዐሥር ቀን የሚሠራ ሙንሺድ በየትኛው መዝሀብ እንደሚሄድ ከመነሳቱ በፊት ኡስታዙን ይጠይቅ።

አሜሪካ ለሚበርም ጥያቄ አለ። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ፀሐይዋ አልጠልቅ ትለዋለች። በአዲስ አበባ ሰዓት ቤተሰቡ አፍጥሮ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን በመስኮቱ ፀሐይን እያየ ነው። የሚያፈጥረው ባለበት ቦታ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ነው። ከከበደው የመንገደኛ ቅለቱ አለለት።

እዚህ ላይ ሳልደብቅ የምናገረው ነገር አለ። ለወንጀል ብሎ የወጣ መንገደኛ እነዚህን ቅለቶች አያገኝም የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ሐነፊዎች ግን ለማንኛውም ሙሳፊር ይሰጣሉ። ስለ ሙዚቃ መሣሪያም የአራቱ መዝሀብ ብዙኃን ከልክለዋል፤ እንደ ኢብን ሐዝም ያሉ ፈቅደዋል፤ ኢማሙል ገዛሊ በኢሕያእ ሰፊ ምዕራፍ ሰጥተው ጉዳዩን በየዓይነቱ ለያይተው አይተውታል። ስለዚህ ለእናቲቱ «ልጅዎ የሚዘፈንበትን ቦታ ይለይ፤ መጠጥና ብልግና ካለበት ይራቅ፤ ጾሙን ከፈታም ቀኑን ጽፎ ይያዝ» አልኳቸው። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ዘወትር መንገድ ላይ ያለ ሰው ቀዷው ሳያውቀው ይከማችበታል። በእኛ አገር የቀኑ ርዝመት ከወር ወር ብዙ ስለማይለያይ «የቀን ማጠሪያው እስኪመጣ» እያሉ ማዘግየት ጥቅም የለውም። ሥራ በቀዘቀዘበት ሳምንት ሰኞና ሐሙስን እየጾመ ያውርደው።

የማፍጠሪያው ማዕድ

ሁለተኛው ጥያቄ ወንድሞቹ ናቸው። እሱ ከመንገድ ሲመጣ ማዕድ የሚለዩት ለዲን ቀንተን ነው ብለው ነው። ዝምድናን መቁረጥ በዲናችን ከከባዶቹ ወንጀሎች መሆኑን ግን እነሱም ያውቃሉ። ሥራውን ካልወደዱለት ይምከሩት። ምክር የሚሰማው ደግሞ አብሮ ከሚበላ ሰው ነው። ከሳምንት መንገድ በኋላ ቤቱ ገብቶ ለብቻው ሳህን የቀረበለት ሰው፣ የሚቀጥለውን ረመዳን የት እንደሚያሳልፍ ለመገመት አያስቸግርም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዞን ከስቃይ ቆጥረውታል፤ ሰውን እንቅልፉን፣ ምግቡንና መጠጡን ይከለክለዋልና። ጉዳዩን የጨረሰ ሰው ወደ ቤተሰቡ እንዲቸኩልም መክረዋል። ይህ ምክር ለተጓዡ ነው፤ በውስጡ ግን ለቤተሰቡም ያለው ነገር አለ። የሚቸኮልበት ቤት መኖር አለበት። ከሩቅ የመጣ ሰው ሳያሳውቅ በሌሊት ቤቱን እንዳያንኳኳም አስተምረዋል። በዘመናችን ይህ በአንድ ስልክ ይፈጸማል። «ደጀን ደርሻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ከቤት ያለውን ልብ ታሳርፋለች፤ ሾርባውም ይሞቃል።

ተጓዡም የራሱ ግዴታ አለበት። ገንዘብ መላክ ብቻውን አባት አያደርግም። ሲርቅ በቀን አንድ ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ይደውል። ልጁ የሚቀራውን ሱራ በስልክ ይስማለት። ከሚስቱ ጋር ስንት ቀን እንደሚቆይ ተስማምቶ ይውጣ፤ ከቀኑ ካለፈ ምክንያቱን ይንገራት። መድረኩ አንድ ቀን ቢያጨልምበት የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

እኛ በመስጊድ ዙሪያ ያለን ሰዎችስ? ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ ማለትም መንገድ ላይ ገንዘቡ ያለቀበት ሰው ነው። በአገሩ ሀብት ቢኖረውም እንኳ ቤቱ የሚደርስበትን ያህል ይሰጠዋል። ክፍያውን ተከልክሎ በሰው ከተማ የቀረ ሙንሺድ ወይም ድቤ መቺ ቢያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ። መስጊድ ውስጥ ቦርሳውን ተንተርሶ የተኛ ሰው ካያችሁም ከማባረራችሁ በፊት «አፍጥረሃል?» በሉት። ተምርና ውኃ አይከብድም። ጾመኛን ያስፈጠረ ሰው የጾመኛውን ያህል አጅር እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን።

ለእናቲቱ በመጨረሻ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያለ ጥርጥር ተቀባይነት አላቸው ካሏቸው ሦስት ዱዓዎች አንዱ የተበደለ ሰው ነው፤ ሁለተኛው የመንገደኛ ነው፤ ሦስተኛው ወላጅ ለልጁ የሚያደርገው ነው። «እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ በእናንተ ቤት አሉ» አልኳቸው። «እርስዎ ከዚህ፣ እሱ ከመንገድ። መግሪብ ሲቃረብ ደውሉና አብራችሁ ዱዓ አድርጉ።» እሳቸውም «እሺ ሸኼ፤ ወንድሞቹንም አጠገቤ አስቀምጣቸዋለሁ» ብለው ሄዱ።

በዚህ ረመዳን በየቤታችሁ ወንበሩ ባዶ የሆነ ሰው ካለ፣ ሙንሺድም ይሁን ሾፌር፣ ነጋዴም ይሁን በዐረብ አገር ያለች እህት፣ ከማፍጠራችሁ በፊት በስሙ ዱዓ አድርጉለት፤ ድርሻውንም ለጎረቤት ሚስኪን አድርሱ። አላህ በየብስም በአየርም ያሉትን መንገደኞቻችንን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን፤ ቤታችንንም የሚመለሱበት ቤት ያድርግልን። ጾማችንን ይቀበለን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።